ቀለሙ

ዐሥር ዓመት ሙሉ ሥራዬ መቁጠር ነው፤
ስንት ሰው ሳለብኝ፣ ስንቱን እንዳዳንነው፣
ስንቱ ከመንገድ ቀርቶ፣ ስንቱን እንደ ቀበርነው።
በወር መጨረሻ ሠንጠረዥ ሞልቼ፣
ለጤና መምሪያው ልኬ፣ ማኅተሜን መትቼ፣
እተኛ ነበረ ድምሩን አስማምቼ።

ይኸው ተማሪ ሆንሁ በሠላሳ ስምንቴ፣
ደብተር በብብቴ።

ደሴ፣ ከሆጤ በላይ፣ ጉም መስኮቱን ሞልቶት፣
ጦሳን ያህል ጋራ ካለበት ሰውሮት፣
መምህርት ሉባባ ጠመኔ ሳታነሣ
«የምታውቁት ሁሉ ለጊዜው ይረሳ።
ስንት ማለት ትታችሁ እንዴት ብላችሁ ጠይቁ፤
ሰው ዝም ሲል ደግሞ አትቸኩሉ፣ ጠብቁ» አለች።
ጻፍሁት። በቀይ አሰመርሁበት፣
ፈተና ላይ ቢመጣ ብዬ።

ለመስክ ልምምዱ ወረድሁ ኮምቦልቻ፣
በሐረጎ በኩል፣ ጥምዝምዝ ነው ብቻ፣
ሚኒባስ ውስጥ ታጭቄ፣ መቅረጸ ድምፄን ታቅፌ፣
ዐሥራ አራት ጥያቄ በተራ ጽፌ።

እትዬ መሬማ፣
(ስማቸው ይኸ አይደለም፤ ቃል አለብኝ በፊርማ)
ጡረተኛ ናቸው፤
ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማቅለሚያ ክፍል የዋለ እጃቸው
ዛሬም ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ አለው።
በእኔ መዝገብ ላይ ግን አንድ ቃል ናቸው፤
የሳንባ መድኃኒት ጀምረው «ያቋረጡ»።

አርባ አንድ ደቂቃ ቀዳሁ። ባጃጅ አለፈ፣
የጎረቤት ልጅ መጥቶ በሩን ተደገፈ፣
የዐሥራ አራቱም ጥያቄ መልሱ ተጻፈ።

ማታ ቧንቧ ውሃ፣ በኪራይ ክፍሌ፣ ስመልስ፣ ስመልስ፣
ለአንዲት ደቂቃ ስድስት ደቂቃ ስከሰክስ፣
ሳላቸውን በቅንፍ፣ ሳቃቸውን በቅንፍ ሳስገባ፣
አንድ ጥድፊያ ያለበት ድምፅ ጆሮዬ ገባ።
«እሺ፤ ቀጣዩ ጥያቄ» ይላል።
የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ቆየሁ።

ከእሱ በፊት እሳቸው፤ «መድኃኒቱስ ደግ ነው፤
ነርሶቹም ደጎች። ግን ቀለሙ…»

«ቀለሙ» የሚለውን በቢጫ አቀለምሁት፤
«የሥራ ታሪክ» በሚል ረድፍ አስቀመጥሁት።
ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቅ ሲነክሩ ለኖሩ
ስለ ምን ቀለም ነው ሌላ የሚናገሩ?

ሉባባ አነበበች። መነጽሯን አወለቀች።
«የምን ቀለም?» አለች።
«የፋብሪካው።»
«እሳቸው እንዲያ ብለዋል?»
ጉሙ በመስኮት ገብቶ መሐላችን ተቀመጠ፤
ያስተማረችን ዝምታ እኔው ላይ ተገለጠ።

እንደገና ሐረጎ። እንደገና ጥምዝ።
ያለ ዐሥራ አራቱ፣ ያለ ምንም ጓዝ።
«ባለፈው ጊዜ፣ እትዬ፣ አቋርጬዎት ነበር።
ቀለሙ ያሉኝ… የቱ ነው?»

ሳቁ። አፋቸውን በነጠላ ያዙ።
«የሽንቴ ነዋ፣ የኔ ዓለም!
ኪኒኑን ስውጥ ይቀላል፣ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ነው የሚመስል።
ዘጠኝ ተከራይ ነን፣ ለአንድ ሽንት ቤት፣ ለአንድ በር፤
አንዷ ደም ነው ትላለች፣ አንዷ ሌላ ነገር፤
ውሃው በፈረቃ ነው፣ የሚደፋበት የለም፤
መሬማን ምን ነካት? አለ የጊቢው ዓለም።
ነርሷ ይቀላል፣ አትደንግጪ ብላኛለች፤
ለእኔ ነገረችኝ እንጂ ለጊቢው መች ነገረች?
ኋላ ባቲ ወረድሁ፣ እህቴ ዘንድ። የራሷ ሽንት ቤት አላት።
እዚያው ካለው ጤና ጣቢያ አንድ ቀን ሳላጓድል ውጬ
ጨረስሁታ! ድኜ መጣሁ።
ማን ጠየቀኝ?»

መዝገቡን ገልጬ ስማቸውን አገኘሁ፤
ከስሙ ጎን የጻፍሁትን በገዛ እጄ አየሁ።
ድምሩ ትክክል ነው። ማኅተሙም አልደበዘዘም።

ማታ ቅጂውን ከፍቼ፣ ሠላሳ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ፣
ከ«ቀለሙ» ቀጥሎ፣ ሳል ከሚገባበት ቅንፍ ውስጥ
እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤
(እዚህ ላይ ጠያቂው አቋረጠ።)